የልምምድ ዓመትና የልምምድ ዘገባ፦ ከሰሚት የቀረበ የአንዲት የሒሳብ ሠልጣኝ ጽሑፍ ሲመረመር

የሒሳብና የበጀት አገልግሎት ሠልጣኞች ከድርጅት ሲመለሱ ለኮሌጃቸው የሚያቀርቡት ዘገባ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ሲመረመር አይታይም። ይፈረምበታል፣ ማርክ ይሰጥበታል፣ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይሁንና በሥራ ቦታ የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሚመስል ከሠልጣኙ ከራሱ አንደበት የምንሰማበት ዋነኛው ሰነድ ይኸው ዘገባ ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ተነቦ፣ የሚለውና የማይለው ተለይቶ ሊተች ይገባዋል። ለዚህ ሐተታ መነሻ ያደረግነው በሰሚት አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. የቆየች የደረጃ 4 ሠልጣኝ ያቀረበችውን ዘገባ ነው። ጽሑፉ እጃችን የገባው የእኛው ኮሌጅ የማስተማር ልምምድ መመሪያ ሲከለስ ለንጽጽር ከተሰበሰቡት መካከል ሆኖ ነው። የሠልጣኟም ሆነ የድርጅቱ ስም እዚህ አይነሣም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

ሰሚትን በስም ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ስለ ቦታው ጥቂት ቃል ማስቀደም ይጠቅማል። አካባቢውን ብዙው ሰው የሚያውቀው በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ፣ በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ምክንያት ፔፕሲ እየተባለ በሚጠራው ሠፈር፣ ሳፋሪና ፍየል ቤት በሚባሉት የታክሲ መዳረሻዎች ነው። ከፋብሪካ ይልቅ የሚበዙት መጋዘን ያላቸው አስመጪዎች፣ የባንክ ቅርንጫፎች፣ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የግንባታ ዕቃ መደብሮች ናቸው። ከእነዚህም አያሌዎቹ የሚያሠሩት አንድ ገንዘብ ያዥና በወር አንድ ጊዜ ብቅ የሚል የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሠልጣኞችን ወደ ሥራ ቦታ የመላክ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲነደፍ ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሒሳብ ክፍል የሌለው ድርጅት ሠልጣኝ ቢቀበል ሊያስተምር የሚችለው ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል መደርደርን ብቻ ነው። የዘገባው ጸሐፊ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበረች፤ የተመደበችበት ክፍል ኃላፊዋን ጨምሮ ሦስት የሒሳብ ሠራተኞችና አንድ ገንዘብ ያዥ ነበሩት። ዓመት ሙሉ መቆየቷም ከተለመደው ውጭ ነው። የተላከችው ለጥቂት ወራት ሲሆን፣ ድርጅቱ እንድትቆይለት ጠየቀ፣ ኮሌጁም ፈቀደ። ለምን እንደ ጠየቀ ዘገባው አይነግረንም፤ የሚነግረን ሌላ ሰነድ አለ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ዘገባው ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ኮሌጁ ባወጣው ቅጽ መሠረት በኮምፒውተር ተጽፎ የተጠረዘው ዋናው ጽሑፍ ነው። የኋለኛው በአባሪነት የተያያዘው፣ በእጅ የተጻፈው የዕለት መዝገብ ነው። ዋናውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ሠልጣኝ ዓመት ሙሉ በልዩ ልዩ የሒሳብ ሥራ ላይ ስትሳተፍ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ሲተባበሯት፣ በመጨረሻም ሰፊ ልምድ ቀስማ ስትመለስ ያያል። የዕለት መዝገቡን ያነበበ ግን ሌላ ዓመት ያያል። ሁለቱ በአንድ ሽፋን ውስጥ መጠረዛቸው ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው።

ስለ ዋናው ጽሑፍ ብዙ መናገር አያሻም። ግማሹ የምስጋና ገጽ፣ የድርጅቱ ታሪክ፣ ራእይና ተልእኮ፣ የአስተዳደር መዋቅር ሥዕል ነው። የድርጅቱ ታሪክ ከማስታወቂያ ወረቀቱ የተገለበጠ ለመሆኑ የአጻጻፉ ቅንጦት ይመሰክራል፤ ከገጽ ወደ ገጽ ሲታለፍ የጸሐፊዋ ዓረፍተ ነገር የሚጀምርበትን መስመር በጣት መጠቆም ይቻላል። ከዚያ የሚከተለው የተሠሩ ሥራዎች ዝርዝር ነው፤ ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ደረሰኝ መመዝገብ፣ የደመወዝ መክፈያ ማገዝ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ እያለ ይቀጥላል። በመጨረሻም ያጋጠሙ ችግሮች በሚለው ርእስ ሥር ሦስት መስመር፣ የመፍትሔ ሐሳብ በሚለው ሥር ሌላ ሦስት መስመር አለ። ከችግሮቹ አንዱ የመብራት መቋረጥ ነው። አብረው ከተሰበሰቡት ሌሎች ዘገባዎች ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ፣ የድርጅቱን ስም ካልሆነ በቀር አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ጥፋቱ የሠልጣኞቹ አይደለም። ቅጹ ስለ ድርጅቱ ይጠይቃል፤ እነርሱም ስለ ድርጅቱ ይመልሳሉ። ምን ተማርሽ፣ ከማን ተማርሽ፣ ምን ሳይገባሽ ቀረ የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ የለም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው አንባቢ የድርጅቱ ኃላፊ ነው፤ እርሱ ካልፈረመበትና የግምገማ ነጥቡን ካልሰጠ ኮሌጁ አይቀበለውም። የሚገመግመው ሰው ትከሻዋ ላይ ቆሞ እያነበበ የምትጽፍ ልጅ ምስጋና እንጂ ሌላ ምን ልትጽፍ ትችላለች?

እንግዲህ ወደ ዕለት መዝገቡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለው የየቀኑ መስመር አጭር ነው። ደረሰኝ በፋይል አስቀመጥሁ። ፎቶ ኮፒ አነሣሁ። ባንክ ሄጄ ተሰልፌ ቼክ አስገባሁ። ሒሳቡ የሚሠራው በፒችትሪ ሲሆን፣ የመግቢያ ቁልፍ ቃሉ ለሠልጣኝ ስለማይሰጥ በሌላ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ሆና ታያለች። እስከ ጥር ድረስ የራሷ ጠረጴዛ አልነበራትም። እዚህ ላይ አንባቢ በድርጅቱ ላይ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል፤ ይህ ጸሐፊ ግን አይቸኩልም። የሒሳብ ክፍል እንደ ብረታ ብረት ሥራ ቤት አይደለም፤ ለማጁ ያበላሸውን ብረት መጣል ይቻላል፣ ያበላሸው መዝገብ ግን ከግብር መሥሪያ ቤት ያጋጫል። የገንዘብ ምስጢርም አለበት። ስለዚህ ሠልጣኝን ከዳር ማቆየት ከክፋት የሚመነጭ ልማድ አይደለም፤ ይህን ጊዜ ማሳጠር ግን የአሠልጣኙ ኮሌጅ ሥራ ነበር። ኮሌጁ አስቀድሞ በልምምድ መዝገብ ላይ፣ በፈጠራ ቁጥሮችም ቢሆን፣ እጇን ፈትቶ ቢልካት ኖሮ አራት ወር በፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ አታልፍም ነበር።

የመዝገቡ ድምፅ የሚለወጠው በየካቲት ነው። ገንዘብ ያዧ በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ከሒሳብ ሠራተኞቹ አንዱ በእርሷ ቦታ ተተካ፣ የእርሱም ሥራ በከፊል ለሠልጣኟ ተላለፈ። የመቆየቷን ምክንያት እዚህ ላይ እናገኘዋለን፦ ሰው ጎድሎ ነበር። ከዚህ በኋላ ያሉት ገጾች በዋናው ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ቃል የታለፈው የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ምን እንደሆነ ከመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳሉ። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ያለው የባንክ ቀሪ ሒሳብና ባንኩ የሚልከው መግለጫ በወር መጨረሻ እኩል አይሆኑም። ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ቼክ ይኖራል፤ ባንኩ ቆርጦ ድርጅቱ ያልመዘገበው የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። እነዚህ ሁሉ ተቆጥረው ልዩነቱ ካልጠፋ ስሕተት አለ ማለት ነው። ሠልጣኟ ሁለት ቀን ሙሉ ያላገኘችው ልዩነት ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ቁጥሩን ለ9 እንድታካፍለው ነገሯት። ያለ ቀሪ ተካፈለ። እንዲህ ሲሆን፣ አሏት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈዋል ማለት ነው፤ 5,640 መጻፍ ሲገባው 5,460 ተጽፎ እንደሆነ ልዩነቱ 180 ነው፣ 180ም ለ9 ይካፈላል። ሄዳ ፈለገችው፣ አገኘችውም። ቁጥሮቹን ለምስጢር ስትል እንደ ለወጠቻቸው በኅዳግ ጽፋለች፤ ይህ ጥንቃቄዋ በራሱ የሙያ ምልክት ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የትም አገር ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ያውቀዋል። ለመምህራን ግን ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ እውቀቱ የተላለፈው ስሕተቱ በእጅ ላይ ባለበት ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን የደከመ አእምሮ በአንድ ቃል ተቀበለው። ሁለተኛ፣ ኃላፊዋ ምክንያቱን አልነገሯትም፣ እርሷም አልጠየቀችም። ሁለት አጎራባች አኃዞች ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ9 ብዜት የሚሆነው የቁጥር አጻጻፋችን በአሥር ላይ የቆመ ስለሆነ ነው፤ ይህን ለማስረዳት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ ይበቃል። በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ተማረች፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳት መምህር ግን በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ፊርማ ለመሰብሰብ መጣ። የሥራ ቦታና የመማሪያ ክፍል ይደጋገፋሉ የሚለው የትብብር ሥልጠና መሠረተ ሐሳብ በተግባር የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው።

መሠረተ ሐሳቡ በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ለመሥሪያ ቤቶች ጸሐፊዎችንና መዝገብ ያዦችን ሲያወጣ የተግባር ጉዳይ ከመነሻው አብሮት ነበር። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በክፍላተ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ሌሎችም እንደ ሙያቸው በመሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። ያ ዓመት ብዙ ተነቅፏል፤ ቢሆንም ዓመቱ ሙሉ መሆኑን ልብ ይሏል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ፣ በተለይም በ2000 ዓ.ም. በወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሰጥ ታሰበ። በውጭውም ዓለም በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1906 ተማሪዎችን በሥራና በትምህርት ማፈራረቅ ከጀመረ ወዲህ ዘዴው ተስፋፍቷል። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚፈተኑበት ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበርም ፈተና ያለፈን ሰው 36 ወር የሥራ ልምድ ካላረጋገጠ በሙሉ አባልነት አይቀበልም፤ ልምዱም የሚረጋገጠው በጠቅላላ ምስክርነት ሳይሆን በተዘረዘሩ የሥራ ግቦች ላይ በሚፈረም ማስረጃ ነው። የእኛ ቅጽ ከዚህ የመጨረሻው ጋር ሲወዳደር ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል።

የሒሳብ ሥራ ግን ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይህም ለዕቅድ አውጪዎች ዋናው ነጥብ ይመስለናል። የሒሳብ ዓመት ክብ ነው። በአገራችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንበኛ በሦስት ወር ውስጥ መሠረትም ግድግዳም ሊያይ ይችላል፤ በሒሳብ ክፍል ሦስት ወር የቆየ ሠልጣኝ ግን ያየው የየወሩን ድግግሞሽ ብቻ ነው። የዓመቱ መዘጋት፣ የዕቃ ቆጠራው፣ የእርጅና ስሌቱ፣ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ለሚያቀርቡት የግብር መግለጫ የሚደረገው ዝግጅት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዩት ክቡን የዞረ ሰው ዓይን ላይ ነው።

የዘገባችን ጸሐፊ ክቡን በመዞሯ ያገኘችውን እንመልከት። በሰኔ መጨረሻ ለዕቃ ቆጠራ መጋዘን ገባች። በመዝገቡ ላይ ባለፉት ስምንት ወራት ካርቶን የምትለው ነገር በካርዱ ላይ ያለ ቁጥር ነበር፤ አሁን የሚቆጠር፣ አንዳንዱም እርጥበት ነክቶት የተበላሸ ዕቃ ሆነ። በካርዱ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያው ያለው ዕቃ በሁለት ዓይነት ሸቀጥ ላይ አልገጠመም። ልዩነቱ ሌብነት እንዳልነበረ፣ ወጪ ሲደረግ በሌላ ዕቃ ካርድ ላይ እንደ ተመዘገበ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ሆነው አገኙት። የዚያን ዕለት መስመሯ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ እጇም የፈጠነ ይመስላል። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ በዓመታዊ ዕቃ ቆጠራ ተሳትፌአለሁ በሚል ሐረግ ተጨርሷል።

ከሰኔ በኋላ የመጣው ደግሞ ማንም ያላቀደው ትምህርት ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያው ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በደመወዝ ግብር ላይ ሲተገበር፣ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም ተለወጡ። ሠልጣኟ በኮሌጅ የተማረችው በ2008 ዓ.ም. የወጣውን የአዋጅ ቁጥር 979 ሠንጠረዥ ነበር፤ በቃሏም ይዛዋለች። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በድሮው ስሌት 935 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 700 ብር ሆነ። ከደመወዙ የሚቀነሰው 7 በመቶ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ ግን አልተነካም። የመክፈያውን ቀመር እንደገና መጻፍ አስፈለገ። ይህን ሥራ ኃላፊዋና ሠልጣኟ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን እርከን በወረቀት እያሰሉ፣ ከኮምፒውተሩ ውጤት ጋር እያመሳከሩ ሠሩት። በዚያ ሳምንት ሃያ ዓመት በሙያው የቆዩት ሴትና ዓመት ያልሞላት ለማጅ አዲሱን ሕግ እኩል ነበር የሚማሩት። የቁልፍ ቃሉም የዚያን ጊዜ ተሰጣት። እርከን በእርከን የማስላቱን መሠረት ከኮሌጅ ይዛ መሄዷ እንደ ጠቀማት ራሷ ጽፋለች፤ ይህን የምናነሣው የመማሪያ ክፍሉን ጥቅም የሚያቃልሉ እንዳሉ ስለምናውቅ ነው። የሠንጠረዡ ቁጥር ያረጃል፣ የስሌቱ መንገድ አያረጅም። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች በሞጁሉ ላይ የማያረጀውን እንጂ የሚያረጀውን በማስሸምደድ ጊዜ እንዳያባክኑ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ገጽ ደርሰናል። በሚያዝያ ውስጥ የአንድ ቀን መስመር እንዲህ የሚል ፍሬ ነገር አለው፦ የጥቃቅን ወጪ ሣጥን ተቆጠረ፤ ጎደለ፤ በቆጠራው ቅጽ ላይ እንድፈርም ተነገረኝ፤ አልፈረምሁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ባንክ ሄድሁ የሚል መስመር ይቀጥላል። መዝገቡ በየሳምንቱ መጨረሻ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ፊርማ ያረፈበት ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ግርጌ ብቻ ፊርማ የለም። ምን ያህል ጎደለ፣ ማን እንድትፈርም አዘዛት፣ ነገሩ እንዴት አለቀ፣ አናውቅም፤ ልንገምትም አይገባም። ዋናው ጽሑፍ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሁለት ጊዜ የጎበኛት መምህር ማስታወሻም የለውም።

ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ያላየሁትን ቆጠራ በፊርማዬ አላጸድቅም ማለት የሒሳብ ሙያ እምብርት ነው፤ አንዲት ደመወዝ የሌላት፣ የግምገማ ነጥቧ በሰው እጅ ያለ ልጅ ይህን ብቻዋን ወሰነች። ለማን ትንገር? በሦስቱ ወገኖች፣ ማለትም በኮሌጁ፣ በድርጅቱና በሠልጣኟ መካከል የተፈረመው ስምምነት ስለ ሥነ ሥርዓቷ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነቷና ስለ ምስጢር ጠባቂነቷ ይዘረዝራል፤ አግባብ ያልሆነ ትእዛዝ ሲሰጣት ወዴት እንደምትሄድ አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ መልመጃ ውል ይደነግጋል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውና የሥራው ሁኔታ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቃል። ከሥራ መልመጃ ውል ውጭ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ሲባል የሚደረግ ግንኙነት ግን በአዋጁ አይሸፈንም። ኮሌጆቻችን የሚያስፈርሙት ስምምነት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ሠልጣኙ ሠራተኛም ተማሪም ሳይሆን በመካከል ይቀራል። ገንዘብ ያዧ በሌለችባቸው ወራት የሰው ጉድለት ሞልታ ስትሠራ የነበረች ሠልጣኝ የታክሲ ወጪዋን እንኳ ከቤተሰቧ እየወሰደች ከመገናኛ ሰሚት መመላለሷ የዚሁ መካከለኛነት ውጤት ነው። ድርጅቱ ከመጋቢት ጀምሮ ምሳ ያበላት እንደነበር ጽፋለች፤ ፍትሕ እንዳይጓደል ይህንም እንመዘግባለን።

በመምህራን ማሠልጠኛ ያለን ሰዎች ይህን ስናነብ በሌላው ኮሌጅ ላይ ጣት ለመቀሰር አንችልም። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲሻሻል የማስተማር ልምምድ ስፋት አግኝቶ እጩ መምህራን የየዕለቱን ተሞክሮ በማኅደር እንዲያሰባስቡ ተደርጓል። ማኅደሮቹን አንብበናል። የትምህርት ቤቱ ታሪክ፣ የርእሰ መምህሩ ምስጋና፣ የመማሪያ መሣሪያ እጥረት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ተማሪዎቹ ያልገባቸው የትኛው ትምህርት እንደ ነበረ፣ እጩው መምህር የትኛው ቀን እንደ ተሸነፈ አናገኝም። ቅጹ የአንድ ቤት ልጅ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሠልጣኞች የተሻለ አጻጻፍ ይማሩ የሚል አይደለም። የዕለት መዝገቡን የጻፈችው እጅ መጻፍ ትችላለች። ማርክ ሊሰጠው የሚገባው ሁለተኛው ክፍል እንጂ የፊተኛው አይደለም፤ የድርጅት ታሪክና መዋቅር ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ቢወሰን በቂ ነው። በእርሱ ፈንታ ሠልጣኙ ከዓመቱ ውስጥ ሦስት ሥራዎችን መርጦ፣ ቁጥሮቹን ለውጦ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲያሳይ ቢጠየቅ የሥራውን መግባት አለመግባት መለየት ይቻላል፤ የ9ኙ ብልሃት በዚህ መንገድ ቢቀርብ ኖሮ ለምን የሚለውን ጥያቄ ማንም መምህር ሳያነሣ አያልፍም ነበር። ለድርጅቱ ተቆጣጣሪ የማይቀርብ፣ ለኮሌጁ መምህር ብቻ የሚሰጥ አንድ የተዘጋ ገጽም ያስፈልጋል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች ይህ ድርጅቶችን ያስቀይማል፣ ሠልጣኝ መቀበል ያቆማሉ ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም፤ በሰሚትና በመሰል አካባቢዎች የሒሳብ ክፍል ያለው ድርጅት ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ መሆኑን ከላይ አይተናል። ሆኖም የተዘጋው ገጽ ድርጅትን ለመክሰስ ሳይሆን መምህሩ በሚቀጥለው ጉብኝቱ ማንን፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የትምህርት ዘመናችን በሰኔ ያበቃል፣ በመስከረም ይጀምራል። የሒሳብ ዓመት የሚዘጋውና የሚከፈተው መምህራን በክረምት ዕረፍት ላይ ባሉበት ወቅት ነው። በትምህርት ዘመን ተለክቶ የተሰጠ ማንኛውም ልምምድ የዕቃ ቆጠራውንና የሒሳብ መዝጊያውን ሳያይ ያልቃል፤ የእኛይቱ ሠልጣኝ ያየችው ድርጅቱ ሰው ስለ ጎደለው እንጂ ኮሌጁ ስላቀደው አይደለም። የመምህሩ ሁለት ጉብኝቶችም በኅዳርና በግንቦት የተደረጉ ናቸው፤ ሰኔ 30 በመጋዘኑ፣ በሐምሌም በደመወዝ መክፈያው ጠረጴዛ አጠገብ ማንም አልነበረም። ቢያንስ አንዱን ጉብኝት ወደዚያ ሳምንት ለማዛወር የሒሳብ መምህራን የዕረፍት ጊዜ እየተፈራረቀ እንዲሰጥ፣ የክረምቱም ጉብኝት አበል በተቋሙ በጀት ውስጥ በራሱ መደብ እንዲያዝ ያስፈልጋል። አበሉ ከሚቀጥለው ሐምሌ ወር በጀት ውስጥ እንዲገባ ጥያቄው በዚህ ዓመት መቅረብ አለበት።